ካሜራ የማያስፈልጋቸው ዳኛ

በምዕራብ ለንደን ስቶክሊ ፓርክ የሚባል የቢሮዎች መንደር አለ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እዚያ ዳኞችን ስክሪን ፊት ደርድሮ፣ ምስል እያስመለሰና እያስቆመ ያስመረምራል፤ ቫር የሚሉት ይህን ነው። በኖቬምበር 2023 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) አንቶኒ ጎርደን ለኒውካስል አርሰናል ላይ ሲያገባ፣ እነዚህ ምስኪኖች ሦስት ጥያቄ ተደራረበባቸው። ኳሷ ከመሻገሯ በፊት ከሜዳ ወጥታ ነበር? የኒውካስሉ ጆኤሊንተን የአርሰናሉን ጋብሬል ገፍቶታል? ጎርደንስ ኦፍሳይድ ነበር፣ ማለትም ከተከላካዮቹ አልፎ ቆሞ ነበር? አራት ደቂቃ ያህል ሲያፈጡ ቆይተው፣ ጎሉን የሚሽር በቂ ማስረጃ አላገኘንም ብለው አጸደቁት።

አራት ደቂቃ! እኛ ሰፈር ዲኤስቲቪ ቤት ፍርዱ ተነቦ ያለቀው ኳሷ መረብ ሳትነካ ነው። ክቡርነታቸው የአርሰናል ማልያቸውን እንደለበሱ ከፕላስቲክ ወንበራቸው ተነሡና "በሕግ አምላክ! ወጥታለች!" አሉ። ከጎናቸው ያሉት ሌላው ክቡርነታቸው፣ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ በመሆናቸው በጉዳዩ ላይ ፍጹም ገለልተኛ የሆኑት፣ በዚያችው ሴኮንድ "የት ወጣች! ንጹሕ ጎል ናት" ሲሉ ወሰኑ። ሁለቱም ያዩት አንድ ቴሌቪዥን ነው። አንደኛው እንዲያውም ምሰሶ ጀርባ ነበሩ፤ የበለጠ አጥርተው ያዩትም እሳቸው ናቸው።

ይህን ችሎታ ዓለም አላወቀልንም። ፊፋ ለ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ ስታዲየም ጣሪያ ላይ 12 ካሜራ ሰቅሎ፣ የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የሰውነት ነጥብ በሴኮንድ 50 ጊዜ እየለካ፣ ኳሷም ሆድ ውስጥ በሴኮንድ 500 ጊዜ መረጃ የሚልክ መሣሪያ ቀብሮ ኦፍሳይድ ለየ። ስንት ወጪ! ክቡርነታቸው የሚያስፈልጋቸው መረጃ አንድ ብቻ ነው፤ የማልያው ቀለም።

የሕግ ዕውቀታቸውንስ ማን ይስተካከለዋል? የእግር ኳስ ሕግ አውጪው ቦርድ ስለ እጅ እየጻፈ እየሰረዘ፣ "እጁ ሰውነቱን ያለ ተፈጥሮው አግዝፎታል ወይ?" እያለ ስንት ዘመን ተጨነቀ። ክቡርነታቸው ነገሩን በሁለት አንቀጽ ዘግተውታል። የእኛ ተከላካይ በእጁ ሲነካ፦ "ታዲያ እጁን የት ያድርገው? ቤቱ ጥሎት ይምጣ?" የእነሱ ሲነካ፦ "ቮሊቦል ነው እንዴ የሚጫወተው?" ይግባኝ የለም።

ኦፍሳይድ ላይም እንዲሁ የተራቀቁ ናቸው። እጅ ለኦፍሳይድ አይቆጠርም፤ ክንድ የሚጀምረው ደግሞ ከብብት ግርጌ ነው ይላል ሕጉ፤ ስለዚህ ጎል በትከሻ ጫፍ ሊሻር ይችላል። የእኛ ሲሻር "ኳስን ገደሏት! ሰው በብብቱ ኦፍሳይድ ይባላል?" ብለው ጠረጴዛ ይደበድባሉ። የእነሱ ሲሻር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ሕግ ሕግ ነው፤ ብብትስ የሰው አካል አይደለም?" ይላሉ። በዚያች ሰዓት ያላቸውን ግርማ ያየ፣ ጠበቃ ሳይሆኑ መቅረታቸው ያንገበግበዋል።

ማልያው ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም መጥቷል። በቅርብ ዓመታት ሙያው ላይ የቤቲንግ ቲኬት ተጨምሯል። ልባቸውን ለአርሰናል የሰጡት ክቡርነታቸው ብራቸውን የሰጡት "ሁለቱም ያገባሉ" ለሚለው ነው። ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ አርሰናል 2 ለ 0 እየመራ፣ ኳስ የገዛ ተከላካያቸውን እጅ ስትነካ "ፔናሊቲ! ቫር የት ሄደ?" ብለው የጮኹት ብቸኛ የአርሰናል ደጋፊ እሳቸው ሆኑ። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አያቸው። "ፍትሕ ነው የጠየቅሁት" አሉ፣ ቲኬቷን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ።

እኒህ ሰው የማሽኑ ጠላት ሆነው አልተወለዱም። እንዲያውም ካስመጡት አንዱ እሳቸው ናቸው። በ2009 ፓሪስ ላይ የፈረንሳዩ ቲዬሪ ኦንሪ ኳሷን በእጁ አመቻችቶ ለቡድን ጓደኛው ለጋላስ ሲያቀብልና አየርላንድ ከዓለም ዋንጫ ስትቀር፣ በዓመቱም ብሉምፎንቴን ላይ የእንግሊዙ ፍራንክ ላምፓርድ ጀርመን ላይ የመታት ኳስ ከአግዳሚው ተመልሳ መስመሩን በግልጽ አልፋ ስታርፍ፣ ዳኛው ላሪዮንዳም ረዳታቸውም ሳያዩዋት ሲቀሩ፣ ክቡርነታቸው "ሰው ጨረቃ ላይ በወጣበት ዘመን አንዲት ካሜራ ማየት አቃታቸው?" እያሉ እንቅልፍ አጡ። የያኔው የፊፋ ፕሬዚዳንት ሴፕ ብላተርም ይቅርታ ጠየቁ። በ2012 ኳስ መስመር ማለፏን የሚለየው የጎል መስመር ቴክኖሎጂ ተፈቀደ፤ በ2018 ቫር ሕግ ሆኖ ሩሲያ ላይ ዓለም ዋንጫ ገባ፤ በ2019 ፕሪሚየር ሊጉም ጀመረው። የጠየቁት ሁሉ ተሰጣቸው።

ለሌላ ሰው ይህ መከራ ነበር፤ የሚከሰው ያልቅበታል። ለእሳቸው ግን በረከት ሆነ። ድሮ የሚሰድቡት መሀል ዳኛውን ነበር፤ ቢበዛ ባንዲራ የያዘውን ይጨምሩ ነበር። አሁን የቫር ዳኛው፣ የቫር ዳኛው ረዳት፣ መስመር አስማሪው፣ ምስል መላሹ፣ ካሜራው የተተከለበት ማዕዘን ሳይቀር ተከሳሽ ነው። ማሽኑ ስህተት ቀነሰ አልቀነሰም ዐዋቂዎች ይከራከሩበት፤ ተከሳሽ ማብዛቱ ግን አያከራክርም። አያቶቻችን ንብረት ሲሰረቅባቸው ሌባሻይ ያስመጡ ነበር፤ ብላቴናው መድኃኒት ጠጥቶ፣ እየተንገዳገደ ሄዶ፣ የወደቀበት ደጅ ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። የክቡርነታቸው መድኃኒት ድራፍት ነው፤ ወድቀው የሚገኙት ደግሞ ሁልጊዜ ዳኛው ደጅ ነው።

አንዳንዴ ደጁን ያገኙታል፤ ይህን መካድ አይቻልም። በሴፕቴምበር 30 ቀን 2023 ሊቨርፑል ቶተንሃም ሜዳ ላይ ሲጫወት ሉዊስ ዲያዝ ንጹሕ ጎል አግብቶ ኦፍሳይድ ተባለ። ቫር ክፍል ያሉት ዳኛ መስመራቸውን አሰምረው ጎሉ ትክክል መሆኑን አዩ። ችግሩ፣ ሜዳ ላይ ጎሉ የጸደቀ መስሏቸዋል። "ቼክ ኮምፕሊት" (ምርመራው አልቋል) አሉ፤ ሜዳ ያሉትም "ኦፍሳይዱ ጸና ማለት ነው" ብለው ጨዋታውን አስቀጠሉ። የሆነው ሲገባቸው ኳሷ ተንቀሳቅሳለች፤ ሕጉም ወደ ኋላ አይመልስም። ሊቨርፑል 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ የዳኞቹ ድርጅት ስህተቱን አመነ፤ የድምፅ ቅጂውም ወጣ። ካሜራው በደንብ አይቷል፣ መስመሩም በደንብ ተሰምሯል፤ ያቃታቸው ሰውና ሰው በአንድ ቋንቋ መነጋገር ነው። ይህን የሚያስተካክል ካሜራ ደግሞ ገና አልተሠራም።

ክቡርነታቸው ያንን ቅጂ እስካሁን ስልካቸው ላይ ይዘውታል። ማስረጃ ነው። የምን ማስረጃ ቢሏቸው፣ የሁሉም ነገር። የማዕዘን ምት ሲከለከሉ ያወጡታል፤ ተጨማሪ ደቂቃ ሲያንስባቸው ያወጡታል፤ አንድ ጊዜ የዲኤስቲቪ ቤቱ መብራት ሲጠፋም ሊያወጡት ሲሉ ባትሪው አልቆ ነው የተረፍነው።

ደግሞ ብቻቸውን እንዳይመስሏችሁ። በየሳምንቱ መግለጫ የሚያወጡት የእንግሊዝ ክለቦች የክቡርነታቸው ደቀ መዛሙርት ናቸው። በጁን 2024 ዎልቭስ የሚባለው ክለብ "እስቲ ይህን ነገር እናስወጣው" ብሎ ሐሳቡን ለድምፅ አቀረበ። ውጤቱ 19 ለ 1። አንዱ ራሱ ዎልቭስ ነው። የቀሩት ተዘረፍን ባዮች በሙሉ ዘራፊው ቢሄድ ሊናፍቃቸው ነው መሰለኝ። ስዊድኖቹ ደግሞ ከሁሉም ብሰው፣ ደጋፊዎቹ በየክለባቸው ስብሰባ ድምፅ ሰጥተው ቫርን ከሊጋቸው ደጃፍ መለሱት። እንዲህ ያለ ደጋፊ ምን ይባላል? የተናገረውን የሚያደርግ! ክቡርነታቸው ሲሰሙት ዘገነናቸው።

ማሽኑ ከሌለ ሰላም ይወርዳል የሚሉ የዋሆች የቱኒዚያዋን ራደስ ያስታውሱ። በ2019 የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የሞሮኮው ዊዳድ እዚያ በቱኒዚያው ኤስፔራንስ እየተመራ አቻ የሚያደርገውን ጎል አገባ፤ ተሻረ። "በቫር ይታይ" አሉ። ቫሩ ተበላሽቷል። "እንግዲያው አንጫወትም" ብለው ቆሙ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተጠብቆ ጋምቢያዊው ዳኛ ባካሪ ጋሳማ ጨዋታውን ዘጉት፤ ዋንጫው ለኤስፔራንስ ተሰጠ፤ ክርክሩ እስከ ስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ሄደ። ክቡርነታቸው ይህን ታሪክ ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ቫር ሲኖር መዘረፍን ያውቁታል፣ በሌለ ቫር መዘረፍ የሚባል ማዕረግ ግን ገና አልደረሳቸውም።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ማሽኑ አንድ ውለታ ውሎልናል። በጃንዋሪ 2022 በአፍሪካ ዋንጫ ያውንዴ ላይ ዋልያዎቹ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ገና ሳይሟሟቁ፣ ያሬድ ባየህ በቫር ታይቶ በቀይ ካርድ ወጣ። በዚያች ቅጽበት የአርሰናሉና የዩናይትዱ ክቡርነታቸው ተቃቀፉ። ለዓመታት በአንድ ኦፍሳይድ ያልተስማሙ ሰዎች በአንድ ድምፅ "ተዘረፍን!" አሉ። ምስሉ ስንት ጊዜ ተደገመ፤ የሚያየው ግን አልነበረም፤ ቤቱ በሙሉ ያየው ማልያውን ነው። 1 ለ 0 ተሸንፈን ስንወጣ ሁለቱ ክቡራን ተቃቅፈው ነበር የሚሄዱት።

አሁን ፊፋ አሠልጣኞች ራሳቸው "ምስሉ ይታይልን" ብለው የሚጠይቁበትን ቀለል ያለ ዘዴ በ2024ቱ የወጣት ሴቶች ዓለም ዋንጫዎች ላይ ሞክሯል። ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን ለምን በግማሽ ይቀራል? ካሜራውንም፣ በኳሷ ሆድ ያለውንም መሣሪያ ነቅሎ ክቡርነታቸውን ስቶክሊ ፓርክ ማስገባት ነው። ደመወዝ አይጠይቁም፤ መግቢያ ከፍለው ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አራት ደቂቃም አያስጠብቁም። ለፍትሕ ሲባል ከእያንዳንዱ ማልያ አንድ አንድ ይቀመጡ፤ እንዳይደባደቡ ደግሞ በመሀል አንድ ገለልተኛ ሰው ይጨመር። ችግሩ እሱ ላይ ነው፤ ወንበሩን ሳይስብ ሁለቱ እኩል ዞረው "አንተ ደግሞ የማን ነህ?" ማለታቸው አይቀርም።