ማስተካከያ፦ ቀለህ መልሶ መሙላት ስለሚያተርፈው ገንዘብ

ባለፈው ጽሑፌ «ባዶ ቀለህ መልሶ መሙላት የጥይት ወጪን በግማሽ ይቀንሳል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ያ ሂሳብ የሚሠራው ብዙ ለሚተኩሱ የአሜሪካ ኢላማ ተኳሾች ነው፤ የመሙያ መሣሪያውን ዋጋም አላስገባሁም።

ወረኢሉ ያሉት አጎቴ ሁለት ቀለህ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «እስቲ ውስጡን እየው» አሉኝ። አንዱ፣ የክላሹ፣ ከብረት የተሠራ ነው፤ ዝገት ጀምሮታል። ወደ ብርሃን ሳዞረው ታች ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ይህ ዓይነቱ ለመሙላት አይመችም። የሚመቸው ባለ አንድ ቀዳዳው ነሐስ ነው።

ዋናውን ነገር ደግሞ ጭራሽ ዘልዬዋለሁ። እኛ አገር የጦር መሣሪያን የሚቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት ወንጀል ነው። የወሎ ልጆች፣ የኔን ጽሑፍ አይታችሁ ባሩድ እንዳትነኩ፣ አደራ!