ለሚያጣጥር ዓሣ ያጨበጨብን እኛ

የጎንደር ሰዎች፣ ወገኖቼ ሆይ! ባለፈው ወር አዘዞ በተደረገው የቤት ምርቃት ላይ የሆነውን ልናገር ነው፤ ብዙዎቻችሁ እዚያ ነበራችሁና ልትክዱኝ አትችሉም።

የቤቱ ባለቤት ለሳሎኑ ሰፊ የመስታወት ገንዳ አሠርቶ፣ በጅቡቲ መስመር የሚመላለስ ሹፌር ዘመዱን የባሕር ዓሣ እንዲያመጣለት አዝዞ ነበር። ሹፌሩ ከአጥማጆች የገዛቸውን አምስት ዓሦች ውሃ በተሞላ ፌስታል አድርጎ፣ ያን ሁሉ በረሃና ዳገት አቋርጦ ሲደርስ ሁለቱ ሞተው ነበር። የቀሩት ሦስቱ የቧንቧ ውሃና የገበታ ጨው ወደተቀላቀለበት ገንዳ ተለቀቁ። የባሕር ውሃ ግን ጨው የተጨመረበት የቧንቧ ውሃ አይደለም፤ በአንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይኖረዋል፣ የቀይ ባሕር ውሃ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል፣ ማግኒዚየሙና ካልሲየሙም በልክ የተዋሐደበት ነው። የቧንቧው ክሎሪን ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያቃጥላል። ዓሣው ራሱ የሚያስወጣውን አሞኒያ የሚያከሽፉት ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ እስኪባዙ ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከዚያ ድረስ እንስሳው በገዛ እዳሪው ይመረዛል። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነችው ከተማችን ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን እንኳ ከባሕሩ ዳርቻ ያነሰ ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ 20 ዓመት ሥነ ሕይወት አስተምሬያለሁ።

ምግብ ቀርቦ ሳለ ቢጫው ዓሣ ወደ ውሃው ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍትና ይዘጋ ጀመር፤ ቀጥሎም በጎኑ ተጋድሞ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ገባ። በዚህ ጊዜ ከእንግዶቹ አንዱ «እስክስታ ወረደ!» ብሎ ጮኸ። ሳሎኑ በሳቅ ተሞላ፣ ስልኮች ወጡ፣ ዓሣው በተንፈራገጠ ቁጥር አጨበጨባችሁለት። ሰባት ዓመት የማይሞላት አንዲት ልጅ የእናቷን ነጠላ ይዛ «እማዬ፣ እየሞተ እኮ ነው» ብትል፣ «ዝም በይ፣ በሰው ምርቃት ሞት አይጠራም» ተብላ ተገሠጸች።

ለዚያች ልጅ መልስ ሊሰጥ የሚገባው ሰው ገንዳው አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ እርሱም እኔ ነኝ። የሰው ድግስ አላበላሽም ብዬ፣ ይሉኝታ ይዞኝ፣ እንጀራዬን እየቆረስሁ ዝም አልሁ። ከዝምታዬም የሚከፋው፣ ከሰው ላለመለየት ብዬ እኔም ሁለት ጊዜ አጨብጭቤአለሁ። እናንተ የማታውቁትን አደረጋችሁ፤ እኔ ግን እያወቅሁ አደረግሁት።

ዓሣ የነካ ሁሉ በደለ አልልም፤ የጣናን ዓሣ አጥምደን እንበላለን፣ ለቤተሰብም እንጀራ ነው። ይህ ግን ለመብል አልሆነም። በገንዳ የሚያዙት የወንዝና የሐይቅ ዓሦች አብዛኞቹ በሰው እጅ ተፈልፍለው ያደጉ ሲሆኑ፣ የባሕሮቹ አብዛኞች ከሚኖሩበት ኮራል፣ ማለትም ዓለት መሰል የባሕር እንስሳት ከሠሩት መኖሪያ፣ ተለቅመው የሚመጡ ናቸው፤ በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ ሳይናይድ የተባለ መርዝ ረጭቶ አደንዝዞ መያዝ እንኳ ተለምዷል። በዕለተ ሐሙስ ከባሕር ተፈጠሩ እያልን ለልጆቻችን የምናስተምር ሰዎች፣ ፍጥረቱን ለሁለት ሰዓት ጌጥ ብለን ከባሕሩ ማውጣታችን ምን ይባላል? ገዢ ባይኖር ሹፌሩ አይጭንም፣ አጥማጁም አይለቅምም። ስለዚህ እባካችሁ አትዘዙ፤ በየቤቱ ተጋብዛችሁ እንዲህ ያለውን ስታዩም እንደ እኔ ዝም አትበሉ።

ሌሎች ዓሦች መታዘዛቸውን ሰምቼ ባለፈው እሑድ ወደ ባለቤቱ ሄድሁ። ቡና ተፈልቶልኝ፣ ውሃው በደፈረሰው ባዶ ገንዳ ፊት ተቀምጬ፣ በዚያ ቀን መናገር የነበረብኝን አንድ በአንድ ነገርሁት። አልተቆጣም፤ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «እስቲ ላስብበት፣ ጋሼ» አለኝ። ከበሩ ስወጣ ዘወር ብዬ ባየው ስልኩን አንሥቶ ቁጥር ይፈልግ ነበር፤ ሹፌሩን ሊያስቀር እንደሆነ ተስፋ አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድሁ።