የፈረሱን ዕድሜ ተዉት፣ ጅማቱን ዳብሱት

ጥምቀት ሲቃረብ ባሕር ዳር ላይ ፈረስ ያለውም የሌለውም አንድ ክርክር ይጀምራል። ለጥምቀት ጉግስ፣ ከዚያም ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ለሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል የማን ፈረስ ይውጣ? የአምናው አሸናፊ አርጅቷል ይባላል። አምና ያነከሰው ድኗል ይባላል። አንዱ ወገን «ስም ያለው ፈረስ ነው» ብሎ ገንዘቡን ያስይዝበታል፤ ሌላው ጥርሱን አይቶ «በዚህስ አልወራረድም» ይላል። ሁለቱም የሚያዩት ቦታ የተሳሳተ ይመስለኛል። አንዱ ስም ያያል፣ ሌላው ዕድሜ ያያል። ፈረሱን ሜዳ ላይ የሚጥለው ግን ብዙውን ጊዜ የቀድሞ ጉዳቱ ነው፤ ከዚያ ጉዳት ወዲህ በቂ ጊዜ አለማግኘቱ ነው።

መጀመሪያ ዕድሜውን እንጨርስ። ፈረስ መሃለኛ የወተት ጥርሶቹን በሁለት ዓመት ተኩል፣ ከእነሱ ቀጥሎ ያሉትን በሦስት ተኩል፣ ዳረኞቹን በአራት ተኩል ይቀይራል። በአምስት ዓመቱ አፉ ይሞላል። ከስድስት እስከ ስምንት ባለው ጊዜ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጉድጓድ እየተፋቀ ይጠፋል። በ10 ዓመት ገደማ የላይኛው ዳረኛ ጥርስ ላይ ከድዱ ሥር ቡናማ ቦይ ብቅ ይላል፤ በ15 የጥርሱን ግማሽ፣ በ20 ጫፉን ይነካል። ከስምንት ዓመት በኋላ ግን ግምቱ በሁለትም በሦስትም ዓመት ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ «14 ነው፣ አይደለም 11 ነው» እያሉ ግማሽ ቀን መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

የ12 ዓመት ፈረስ ከአምስት ዓመት ፈረስ የሚበልጥባቸው ነገሮች አሉ። አጥንቱ በሥራ ጠንክሯል። እልልታና ጥሩንባ አያስደነብረውም። ጉልበቱን በመጀመሪያው 200 ሜትር አይጨርስም። በአንጻሩ ሦስት ዓመት ያልሞላው ውርንጭላ የጉልበቱ አጥንት ማደጊያ በቅጡ የተዘጋው ገና ትናንት ነው፤ የጀርባው ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላም ሊቆይ ይችላል። «ወጣት ነውና ይችላል» ተብሎ በሽምጥ ግልቢያ የሚበላሸው ፈረስ ከአረጀው ባይበልጥ አያንስም። ያረጀው የሚጎድለው ሌላ ነው። ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ቢያንስ 20 ደቂቃ በእርምጃና በሶምሶማ ሳይፍታታ ሽምጥ ማስጋለብ ጅማቱን በቀዝቃዛው መወጠር ነው። ከከባድ ልምምድ በኋላም ሁለትና ሦስት ቀን ዕረፍት ይፈልጋል።

በዓለም ላይ በዚህ ጉዳይ በጣም የተከራከሩት እንግሊዞች ናቸው፤ ከእነሱም ሁለት ፈረሶች ብቻ ላንሳ። ሬድ ረም የተባለው ፈረስ በሰኮናው ውስጥ ባለው አጥንት የሚቆይ ሕመም ነበረበት። አሠልጣኙ በሳውዝፖርት የባሕር ዳርቻ፣ ለስላሳ አሸዋ ላይና ጨው ውኃ ውስጥ አሠለጠነው። ግራንድ ናሽናል የሚባለውን፣ በዚያ ዘመን 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 30 መሰናክል የነበረውን ውድድር እ.ኤ.አ. በ1973፣ በ1974 እና በ1977 አሸነፈ። የመጨረሻውን ሲያሸንፍ 12 ዓመቱ ነበር። በ1978ም ሊሮጥ ተዘጋጅቶ ሳለ በውድድሩ ዋዜማ አጥንቱ ላይ ስንጥቅ ተገኘበትና አስወጡት። ያ ፈረስ እስከ 30 ዓመቱ ኖረ።

ካውቶ ስታርን ደግሞ በ11 ዓመቱ «ይብቃው፣ ጡረታ ይውጣ» ብዙዎች ሲሉ፣ በታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. ኪንግ ጆርጅ የተባለውን ውድድር ለአምስተኛ ጊዜ አሸነፈ። የተጠራጠሩት አፈሩ። በቀጣዩ የካቲት ግን፣ ቼልተናም የተባለው ትልቅ ውድድር ከመድረሱ ጥቂት ሳምንታት በፊት በልምምድ ላይ ወደቀ። አሰለፉት፤ ጋላቢው መሃል ላይ አስቆመው። ፈረሱ ያው ነው፣ በሦስት ወር ዕድሜው አልተለወጠም። የተለወጠው በመካከል የደረሰበት ውድቀት ነው። ዕድሜን ብቻ ቆጥሮ የተከራከረ ሰው የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም ውድድር ሊገምት አይችልም ነበር።

ወደ ጅማቱ እንምጣ፤ ክርክሩ ሁሉ የሚያልቀው እዚህ ነው። ሽምጥ ሲጋልብ የፈረስ የፊት እግር በአንዲት ቅጽበት ከሙሉ ክብደቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ይሸከማል። 300 ኪሎ የሚመዝን ያገራችን ፈረስ ቢሆን፣ ኮርቻውና ጋላቢው ሳይቆጠር፣ 750 ኪሎ በአንድ እግር ማለት ነው። ያንን የሚይዘው ከጉልበቱ በታች፣ ከአጥንቱ ኋላ እንደ ገመድ የሚወርደው ጅማት ነው። ጅማቱ እየተለጠጠና እየተመለሰ ሲሠራ መካከሉ እስከ 45 ዲግሪ ሊግል እንደሚችል ተለክቷል። ስለዚህ ጉዳቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ እብጠት ከመታየቱ በፊት መካከሉ መበጣጠስ ጀምሯል።

ችግሩ የሚከፋው ሲድን ነው። እብጠቱና ትኩሳቱ በሦስትና በአራት ሳምንት ይጠፋል። ባለቤቱ «ዳነ» ይላል፣ ጎረቤት «ዳነ» ይላል፣ ፈረሱም አያነክስም። በውስጥ ግን የተበጠሰው ቦታ የሚሞላው እንደ ቀድሞው በማይለጠጥ ጠባሳ ነው። ይህ ጠባሳ ጭነት ሊችል የሚደርሰው ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ለ20 ደቂቃ መያዝ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ የዓሣ ነጋዴዎች በረዶ ስለሚጠቀሙ ይህ አስቸጋሪ አይደለም። ቀጥሎ በእጅ እየተሳበ በቀን 10 ደቂቃ መራመድ፣ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ በሦስት ወር ወደ አንድ ሰዓት ማድረስ። ከዚያ አምስት ደቂቃ ሶምሶማ። ሽምጥ ከዘጠነኛው ወር በፊት አይታሰብም። ሐምሌ ላይ ያነከሰ ፈረስ ለጥር 23 አይደርስም፤ የሚቀጥለውን ጥር ይጠብቅ። በእኔ እምነት ይህ ለክርክር የሚቀርብ ነገር አይደለም።

ለጣና ዳር ፈረስ ሁለት ነገሮች ይጨመሩበታል። አንደኛው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፉት ረግረግና እርጥብ መሬት የሚወዱ ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ናቸው፤ የሚበረታውም ከክረምቱ መጨረሻ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ አብጦ የነበረ ፈረስ ቢተርፍም ልቡና ሳንባው ተጎድተዋል። ከዳነ በኋላ ቢያንስ አራት ሳምንት ፍጹም ዕረፍት፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ሥራ ያስፈልገዋል። ቁጠሩት፦ ኅዳር መጨረሻ ላይ የዳነ ፈረስ ዕረፍቱን የሚጨርሰው ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። የሚቀሩት ሦስት ሳምንታት ልቡን ለሽምጥ አያበቁትም። ሜዳ ላይ ድንገት የሚወድቅ ፈረስ «ዓይን በላው» የሚባለው፣ አንዳንዴ ይህ ታሪኩ ስለተረሳ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ መሰጠት ያለበት ወቅቱ ከመድረሱ በፊት ነው።

ሁለተኛው መኖ ነው። ለውድድር «ይደልብ» ተብሎ ከታኅሣሥ ጀምሮ ፉርሽካና ገብስ ይጫንበታል። ፉርሽካ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ ከካልሲየሙ አሥር እጥፍ ያህል ነው፤ ፈረስ ደግሞ ካልሲየሙ ቢያንስ ከፎስፎረሱ እኩል፣ ቢቻል አንድ ተኩል እጥፍ እንዲሆንለት ይፈልጋል። ወራት ሙሉ ፉርሽካ ላይ የቆየ ፈረስ የሚጎድለውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት ይስባል። ከውጭ ወፍሮ ያብረቀርቃል፣ ከውስጥ አጥንቱ ይሳሳል። በተለይ ድርቆሹ የሩዝ ጭድ ብቻ በሆነበት በፎገራ አካባቢ ይህን አስቡበት። አልፋልፋ የሚያገኝ ይጨምርለት፤ የማያገኝ ፉርሽካውን ይቀንስና ጥሩ ሣር ይስጠው። እህሉንም በድንገት አታብዙ፤ በአንድ ቀን ብዙ ገብስ የበላ ፈረስ ሰኮናው ውስጥ ተቃጥሎ መቆም ሊያቅተው ይችላል።

የጋሪ ፈረስን በተመለከተ አጭር ነው። ዓመት ሙሉ አስፋልት ላይ ጋሪ ሲጎትት የኖረ ፈረስ ለጥምቀት ኮርቻ ተጭኖበት ሽምጥ አይጋለብም። ጡንቻው የለመደው መጎተት ነው፣ ሰኮናው በአስፋልት ሳስቷል። በግላስ አስጊጦ ማራመድ ይበቃዋል።

ከባሕር ዳር እንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታውም ከ700 ሜትር በላይ ይጨምራል። ፈረሱ በአይሱዙ የሚሄድ ከሆነ ወለሉ ላይ ጭድ ወይም አሸዋ ይነጠፍ፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ማሳል እንዲችል ገመዱ ይላላ። ከበዓሉ ቢያንስ ሦስትና አራት ቀን ቀድሞ ይድረስ። ከከተማ የሚሄደው ሰው ዋዜማውን ማታ ደርሶ በማግስቱ ሲያስጋልብ፣ የ14 ዓመት ፈረስም የስድስት ዓመት ፈረስም እኩል ይደክምበታል።

አሁን ማንም በእጁ የሚያደርገው ምርመራ። ከውድድሩ በፊት ባለው ጠዋት፣ ፈረሱ ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ የሁለቱንም የፊት እግሮች ኋላ በመዳፋችሁ ከላይ እስከ ታች ዳብሱ። አንዱ ከሌላው ከሞቀ ተጠራጠሩ። እግሩን አንሱና ጅማቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዛችሁ በቀስታ ጫን እያላችሁ ውረዱ፤ አንድ ቦታ ላይ እግሩን ከነጠቀ ያ ቦታ ያመዋል። በሌላኛው እግር ተመሳሳይ ቦታ ሞክሩ፤ በሁለቱም ከነጠቀ ኩርኩር ብሎት ሊሆን ይችላል፣ በአንዱ ብቻ ከሆነ ግን ሕመም ነው። ቀጥሎ ጠንካራ መሬት ላይ፣ ገመዱን አላልቶ የሚይዝ ሰው በቀጥታ መስመር በሶምሶማ ያስሩጠው። የሚያመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፣ ደህናው ሲነካ ወደ ታች ይነቀንቃል። የልቡን ምት ከመንጋጋው ሥር ባለው ደም ሥር ለ15 ሴኮንድ ቆጥራችሁ በአራት አባዙት፤ በዕረፍት ከ28 እስከ 44 መሆን አለበት። ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5። ማስታገሻ የተወጋ ፈረስ ግን ይህን ሁሉ ሊያልፍ ይችላል፤ ሕመሙ ተሸፈነ እንጂ ጅማቱ አልጠነከረም። ለዚህ ነው በሠለጠነው ውድድር በዕለቱ ማስታገሻ የሚከለከለው። አውስትራሊያ ውስጥ ሜልቦርን ካፕ ለተባለው ውድድር እ.ኤ.አ. በ2021 የፈረሶቹ እግር አጥንትን ከውስጥ በሚያሳይ ሲቲ ስካን እንዲታይ ደንብ ወጥቷል። እኛ ስካን የለንም፤ መዳፍ ግን አለን።

ምርመራውን ማን ያድርገው? ባለቤቱ አይሁን። በእኛ ባህል ፈረስና ባለቤት አንድ ስም ናቸው፤ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ነው። በፈረሱ የሚጠራ ሰው «ፈረሴ አይችልም» ብሎ በሕዝብ ፊት መናገር ይከብደዋል። ይህን ድክመት ብዬ አልወቅሰውም፣ ክብር ነው። ስለዚህ ውሳኔው ከእሱ ትከሻ ይውረድ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተና ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየወረዳው ሁለት ሽማግሌና አንድ የእንስሳት ሐኪም ቢመድብ፣ እነሱ «ይቅር» ያሉት ፈረስ ባለቤቱን አያሳፍርም።

ውርርዱም እንዲሁ። በእንግሊዝ አገር ከውድድሩ ሳምንታት በፊት ያስያዘ ሰው ፈረሱ ሳይሰለፍ ቢቀር ገንዘቡን የሚያጣበት ደንብ አለ። ያ ደንብ ነጋዴን ይጠቅማል እንጂ ፈረስን አይጠቅምም። በእኛ ሰፈር የሚደረገው የጓደኛ ውርርድ አስቀድሞ «ፈረሱ ካልተነሣ ውርርዱ ፈርሷል» ቢባልበት፣ ባለ ፈረሱን ማንም «ገንዘባችንን አስበላኸን» እያለ ወደ ሜዳው አይገፋውም።

ከውድድሩ የቀረ ፈረስም ቤት አይቅር። ሬድ ረም ከሩጫ ከወጣ በኋላ ለዓመታት የግራንድ ናሽናልን ሰልፍ እየመራ ይሄድ ነበር፤ ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ለእሱ ነበር። የእኛም አንጋፋ በጥር 23 ግላሱን ለብሶ፣ ጋማው ተጎንጉኖ፣ በእርምጃ ብቻ ከፊት ይሂድ፤ ሽምጡን ለሚችሉት ይተውላቸው።