አርጌዳስን ዘለላችሁት እኮ

በሁለት ባህል መካከል ስላሉ ደራሲዎች ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን በነባር ሕዝብ ቋንቋ አድጎ በስፓኒሽ የሚጽፍ ሰው መጨረሻ ላይ አንዱን ማንነት መምረጡ አይቀርም የምትለዋ ነገር አልተዋጠችልኝም። የፔሩው ደራሲ ሆሴ ማሪያ አርጌዳስ የት ሄደ? በ1911 አንዳዋይላስ ተወለደ፣ እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት፣ የእንጀራ እናቱ ደግሞ ኬቹዋ ከሚባሉት የአንዲስ ተራሮች ነባር ሕዝብ ከሆኑ አገልጋዮች ጋር ኩሽና እንዲያድር አደረገችው። ቅጣት መሆኑ ነበር። እሱ ግን ቋንቋውንም ዘፈኑንም ያገኘው እዚያው ነው።

በ1958 ባወጣው «ጥልቅ ወንዞች» በተባለው ልቦለዱ ላይ ልጆች በክር እየጠመጠሙ የሚያሾሩት «ሱምባይዩ» የሚባል መጫወቻ አለ። ደራሲው ጨዋታውን ከመጀመሩ በፊት ቆም ይልና የቃሉን መጨረሻ ይፈታል፤ ትንንሽ ክንፎች ሲበሩ የሚያሰሙት ድምፅ ነው ይላል በኬቹዋ። እኔ በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው ያነበብኩት፣ እንደዚያም ሆኖ ጆሮዬ ላይ እዝዝዝ አለብኝ። ስፓኒሹ ስፓኒሽ ነው፣ ውስጡ ግን ሌላ ሰው ይተነፍሳል።

በ1968 ሽልማት ሲቀበል ደግሞ ባህሌን ጥዬ የሌላውን የለበስኩ ሰው አይደለሁም፣ በሁለቱም ቋንቋ ደስ ብሎኝ እናገራለሁ ብሎ በግልጽ ተናግሯል። ታዲያ የቱን መረጠ ልትሉን ነው?