ሳይነበብ የሚመረቅ ልቦለድ

አሜሪካ ውስጥ አንድ ልቦለድ መደብር ከመድረሱ ከ4 እስከ 6 ወር ቀድሞ ያነበቡት ሰዎች አሉ። አሳታሚው ግድፈቱ ገና ተለቅሞ ያላለቀ የቅድሚያ ቅጂ አዘጋጅቶ ለሐያስያን፣ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና ለመደብሮች ይልካል። ሽፋኑ ላይ «አይሸጥም» ይላል፤ ብዙ ጊዜም «ከመጨረሻው ኅትመት ጋር ሳታመሳክሩ አትጥቀሱ» የሚል ይታከልበታል። እንደ ፐብሊሸርስ ዊክሊና ከርከስ ያሉ መጽሔቶች ቅጂው ቢያንስ 3 ወር ቀድሞ እንዲደርሳቸው ይፈልጋሉ። የዘገየ መጽሐፍ የቱንም ያህል ቢያምር ተራው ያልፈዋል። የሚወጣበት ቀን አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞ ነው፤ ቀድሞ የታዘዘው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ሽያጭ ስለሚቆጠር የወራቱ ጩኸት ሁሉ ለዚያች ሳምንት ነው።

አገር ቤት ነገሩ ግልብጥ ነው። ደራሲው ከዚህም ከዚያም ብር ለቃቅሞ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ወመዘክር ወይም ብሔራዊ ቴአትር አዳራሽ ይይዛል፤ ፖስተሩን ቴሌግራም ላይ ይለቃል። ከዚያ ማተሚያ ቤቱ ይዘገያል፦ ወረቀት ጠፋ፣ መብራት ሄደ፣ ጥረዛው ተጓተተ። ጥሪው ስለተበተነ ቀኑን መግፋት አይቻልም። በዋዜማው ሙጫው በቅጡ ያልደረቀ ጥቂት መቶ ቅጂ ይደርሳል። ዳሰሳ አቅራቢው በፒዲኤፍ አንብቦታል፤ ከእሱና ከአርታኢው ሌላ አዳራሹ ውስጥ መጽሐፉን የሚያውቅ ሰው ብርቅ ነው። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ሐያሲ የታሪኩን መጨረሻ እዚያው መድረክ ላይ ዘርግፎት ይወርዳል።

ጋዜጠኛውም ያልደረሰውን መጽሐፍ ሊያነብ አይችልም። ማታ የሚሰማው ዜና ታዲያ «ጥሪ የተደረገላቸው እንግዶች በተገኙበት ተመረቀ» ይልና የገጹን ብዛትና ዋጋውን ጠቅሶ ያበቃል። ባለታሪኩ ማን ነው? ምን ገጠመው? አይነገርም። ሥነ ሥርዓት ተዘገበ እንጂ መጽሐፍ አልተዘገበም። ጥፋቱን ጋዜጠኛው ላይ ብቻ መደፍደፍ ግን ግፍ ነው፤ በእጁ የገባው የጥሪ ወረቀት ነዋ!

የባሕር ማዶውም አሠራር ቢሆን ማር አይደለም። የአሳታሚው የማስታወቂያ ባለሙያ በአንድ ጊዜ ብዙ መጽሐፍ ይይዛል፤ አዲስ ደራሲ ከሆንክ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ስልክህን የሚያነሳልህ የለም። ያልተሸጠውን ቅጂ መደብሩ ጠቅልሎ ለአሳታሚው ይመልሰዋል። እኛ ዘንድ ግን አዟሪው ከአንገቱ እስከ ወገቡ የተደረደረ መጽሐፍ ታቅፎ ካፌ ለካፌ ሲዞር ከዓመታት በፊት የታተመውንም ከአዲሱ ጋር ይዞ ታገኘዋለህ። ሬዲዮውም አለ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ሰብለወንጌልን አወቃት። ይህን ያህል ጆሮ በጋዜጣ ሂስ አይገኝም።

ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ያን ያህል ገንዘብ አይፈልግም። ጽሑፉ ታርሞ ሲያልቅ 20 ወይም 30 ቅጂ በዲጂታል ማተሚያ አውጥቶ፣ ከምረቃው 2 ወር ቀድሞ ለሬዲዮ አዘጋጆችና ለሐያስያን በእጅ መስጠት ይበቃል። ፒዲኤፍ መላክ አደጋ አለው፤ አንዴ ከእጅ ከወጣ ሳምንት ሳይሞላው ቴሌግራም ላይ ይገኛል። ከቅጂው ጋር አንድ ገጽ ይያያዝ፦ ታሪኩ በአምስት መስመር፣ ለትረካ የሚሆነው ምዕራፍ ከነገጽ ቁጥሩ፣ ዘገባው መውጣት የሚችልበት ቀን፣ የደራሲው ስልክ። ለትረካ አንድ ምዕራፍ ይበቃል፤ እሱም ሰው ልቡ ተንጠልጥሎ የሚቀርበት ይሁን። አዳራሹ ደግሞ መጽሐፉ ተጠርዞ እጅ ከገባ በኋላ ይያዝ።