የቤቱ ምርጥ መኪና ለልጅቷ ይሰጥ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወዳጄ «ለልጄ መኪና ልገዛ ነውና መጥተህ እይልኝ» ብሎ ደወለልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከአንድ የሐበሻ ሱቅ ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ተገናኘን። ብርማ ቀለም ያላት የ2006 ሥሪት ኮሮላ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ታጥባ ተወልውላ ቆማለች። አሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት የቀራት ልጁ መሪውን ይዛ ተቀምጣ ስፖኪዮውን ወደ ራሷ ታስተካክላለች። ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ ሳየው መናገር የነበረብኝን ለመናገር ከበደኝ።

ጎንበስ ብዬ ጎማውን አየሁ። ጥርሱ ገና አላለቀም። ጎኑ ላይ ከታተሙት ፊደላትና ቁጥሮች መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች ግን 3513 ይላሉ፤ በ2013 ዓመት በ35ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። በጣቴ ዳበስ ሳደርገው ጎኑ ውኃ እንደራቀው ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ልጅቷን «እስቲ ቁልፉን አዙሪው» አልኳት። በዳሽቦርዱ ላይ የኤር ባግ፣ በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚከላከለው ከረጢት፣ ምልክት የሆነችው መብራት ለጥቂት ሰከንዶች በርታ መጥፋት ነበረባት። ጭራሽ አልበራችም። ያለመብራቷ ትርጉም «ደኅና ነው» ማለት አይደለም፤ ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ተነቅሏል፣ ወይ ኤር ባጉን የሚቆጣጠረው መሣሪያ አይሠራም። ሻጩ «አምፖል እኮ ነው» ብሎ ወዲያው ሦስት መቶ ዶላር ቀነሰ። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ወዳጄን ወደ ጎን ወሰድ አድርጌ የሚነዳውን ጠየቅኩት። እዚያው አጠገብ ወደቆመችው የ2019 ካምሪ በአገጩ አመለከተኝ። «እሷን ለምን ለልጅህ አትሰጣትም? ኮሮላ የመሰለ ከፈለግህ ደኅናውን ፈልገህ አንተ ንዳ» አልኩት። ሳቀ። «ገና ለለማጅ? በሳምንቷ አጋጭታ ታምጣልኝ?»

ይህን መልስ ከብዙ ወላጅ ሰምቼዋለሁ። «ይለማመድበት፤ ቢያጋጨውም አይቆጭም» የሚል ሐሳብ በኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ሥር ሰዷል፤ እኔም ስህተት ነው ብዬ ለመሟገት ነው ይህን የምጽፈው። የሚጋጨው መኪና ውስጥ የሚቀመጠው ልጁ ነው። ብዙ ጊዜ የመጋጨት ዕድል ያለው ሰው ከግጭት በደንብ በሚያስጥል መኪና መንዳት አለበት፤ እኛ ግን ተገላቢጦሹን እናደርጋለን። ሠላሳ ዓመት የነዳው አባት በራሷ ፍሬን የምትይዝ ካምሪ ይነዳል፣ መንጃ ፈቃዷ ያልደረቀላት ልጅ ደግሞ ከርሷ ጋር እኩል ዕድሜ ባላት መኪና በዝናብ ማታ ከሥራ ትመለሳለች።

ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ የሚገባኝ ይመስለኛል። የታላቅ ልብስ ለታናሽ የሚወርድበት ቤት ነው ያደግነው፤ አዲሱ ለአባወራው፣ ያረጀው ለልጅ። በዚያ ላይ አባቶቻችን በዚህ ጉዳይ ምንም ያወረሱን ልማድ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የመኪና ቁልፍ የሚሰጥ ወላጅ ማን ነበር? መኪና የተከበረ ንብረት ነው፤ ከራሱ ከአባትየው ሌላ ማንም አይነካውም። እዚህ ሜሪላንድ ግን ልጅ በ15 ዓመት ከ9 ወሩ የለማጅ ፈቃድ ያወጣል፣ ቢያንስ 60 ሰዓት፣ ከዚያም ውስጥ 10ሩን በሌሊት፣ ከአዋቂ ጋር ይለማመዳል፣ በ16 ዓመት ተኩል ብቻውን መንዳት ይችላል። ስለዚህ ማንም ያላስተማረንን ውሳኔ በቸኮለ ቅዳሜ፣ በሻጭ ምላስ ላይ ተመሥርተን እንወስናለን።

አደጋው ደግሞ የወላጅ ፍርሃት የፈጠረው አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው፣ በተነዳው ማይል ሲሰላ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ አሽከርካሪዎች ሕይወት የሚያጠፋ አደጋ ውስጥ የሚገቡት ከ20 ዓመት በላይ ካሉት ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ የሚገኘው የአውራ ጎዳና ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም ያደረጋቸው ጥናቶችም በአደጋ የሞቱ ወጣት አሽከርካሪዎች ከጎልማሶቹ ይልቅ በትናንሽና በአሮጌ መኪኖች ውስጥ እንደሚገኙ አሳይተዋል። ማለትም ስህተቱ የሐበሻ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካውያኑም ይሠሩታል።

ወዳጄ ካነሳቸው መከራከሪያዎች ሁሉ ጠንካራው «የድሮ መኪና ብረቱ ወፍራም ነው፣ የዛሬዎቹ ፕላስቲክ ናቸው» የሚለው ነበር። ይህን ያው ተቋም በ2009 በሚታይ መንገድ መልሶታል። ሃምሳኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ረከርስቪል፣ ቨርጂኒያ በሚገኘው መሞከሪያው የ1959 ሼቭሮሌት ቤል ኤርን ከ2009 ሼቭሮሌት ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አላተማቸው። ያ ወፍራም ብረት የአሽከርካሪውን ክፍል ይዞ ታጠፈ፤ በቤል ኤሩ ውስጥ ሰው ቢኖር አይተርፍም ነበር። «ፕላስቲኩ» ማሊቡ አፍንጫው ተጨፍልቆ፣ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ግን ቅርፁን ጠብቆ ቀረ፤ የአሽከርካሪው ጉዳት እግር ላይ የሚቀር ነበር። ዛሬ መኪና ሲጋጭ ፊቱ ቶሎ የሚጨራመተው ሆን ተብሎ ነው። ብረቱ ሲታጠፍ የምቱን ኃይል ይበላል፤ ብረቱ ካልበላው የልጅህ ደረት ይበላዋል።

እንግዲህ መኪናዋን መለዋወጥ ለማይችል፣ ለምሳሌ ካምሪዋ የታክሲ ሥራ የምትሠራ፣ እንጀራው በእሷ ላይ ለሆነ ወላጅ፣ ምን ይፈለግ? እኔ የማልደራደርበት አንድ ነገር አለ፦ የመኪና አቅጣጫ መቆጣጠሪያ፣ እዚህ አገር በምህጻር ኢ ኤስ ሲ የሚባለው። ሥራው እንዲህ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ሮክ ክሪክ ፓርክዌይ ላይ እርጥብ ቅጠል አስፋልቱን ሲሸፍነው፣ ልጅህ ኩርባው ላይ ትንሽ ፈጥና ትገባለች፤ መሪውን ወደ ግራ ትጠመዝዛለች፤ መኪናው ግን ወደ ዛፉ ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። ልምድ ያለው ሰው እግሩን ከነዳጅ አንስቶ መሪውን ቀለል ያደርጋል። ልጅ ፍሬን ትረግጣለች፣ መሪውንም የበለጠ ታዞራለች። መቆጣጠሪያው በዚያች ቅጽበት መሪው የሚያሳየውንና መኪናው የሚሄድበትን አቅጣጫ አነጻጽሮ፣ አንዱን ጎማ ብቻ ለይቶ ፍሬን በመያዝ መኪናውን ወደ መንገዱ ይመልሰዋል። የትኛውም አሽከርካሪ አራቱን ጎማ ለየብቻ ፍሬን መያዝ አይችልም። ተቋሙ እንደሚለው ይህ መሣሪያ መኪና ብቻውን ከመንገድ ወጥቶ ሕይወት የሚያጠፋባቸውን አደጋዎች ወደ ግማሽ ይቀንሳል። አሜሪካ ውስጥ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በሁሉም አዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ ሆኗል። በ2006ቷ ኮሮላ ላይ እሱም ሆነ የጎን ኤር ባጉ ተጨማሪ ክፍያ ሲከፈል ብቻ የሚገጠሙ ነበሩ። ስለዚህ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ የሞዴሉ ዓመት ከ2012 በታች ከሆነ መጀመሪያ መቆጣጠሪያው መኖሩን አረጋግጥ፤ ከሌለ ተወው።

ቀጥሎ ገንዘብህ ከደረሰ፣ ከፊት ያለውን አይቶ በራሱ ፍሬን የሚይዘውን ፈልግ። ከኋላ ሆኖ የፊተኛውን የመግጨት አደጋን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ስልኳ ጠርቶ ዓይኗ ለሁለት ሰከንድ ሲነሳ የሚያስፈልገው እሱ ነው። በኮሮላ ላይ ከ2017፣ በካምሪና በሆንዳ አኮርድ ላይ ከ2018 ሞዴል ጀምሮ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይመጣል። ተቋሙ ዕቃ እየመረመረ ለሸማች ከሚያሳውቀው ከኮንሱመር ሪፖርትስ ጋር ለወጣት አሽከርካሪዎች የሚሆኑ ያገለገሉ መኪኖችን ዝርዝር በነፃ ያወጣል፤ ከ2,750 ፓውንድ፣ ማለትም ከ1,250 ኪሎ ግራም ገደማ በታች የሚመዝኑትን፣ እንዲሁም የሞተር ጉልበታቸው ከልክ ያለፈውን አያስገባም። ልጅህ ስፖርት መኪና ብትለምንህ እምቢ በል። በጣም ግዙፍ ጭነት መኪናም አትግዛላት፤ ለመቆም ረጅም ርቀት ይፈልጋል፣ ለለማጅ እጅም አይመችም።

ስለ ኤር ባግ ልመለስ፤ ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቀው። የጃፓኑ ታካታ ኩባንያ የሠራቸው የኤር ባግ ማፈንጃዎች እርጥበትና ሙቀት ለዓመታት ሲፈራረቅባቸው፣ በግጭት ጊዜ ከልክ በላይ ፈንድተው የብረት ስብርባሪ ወደ አሽከርካሪው ይረጫሉ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ25 በላይ ሰዎች ሞተዋል፣ «መልሳችሁ አምጡና ይለወጥ» የሚል ጥሪ የተደረገባቸውም ማፈንጃዎች ወደ 67 ሚሊዮን ይደርሳሉ። በጥር 2024 ቶዮታ ራሱ ወደ 50,000 የሚሆኑ አሮጌ መኪኖችን፣ ከነሱም መካከል የ2003ና የ2004 ኮሮላን፣ «እስኪጠገኑ ድረስ አትንዷቸው» ብሎ ባለቤቶቹን አስጠንቅቋል። ቶዮታ ታማኝ መኪና ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን የኛ ሰው «ቶዮታ ነው» ካለ በኋላ ምርመራ ያቆማል። ማጣሪያው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፦ በፊት መስታወቱ ግርጌ ያለውን ባለ 17 ሆሄ የሻንሲ ቁጥር በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ የብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ አስገባ፣ ያልተሠራ ጥሪ ካለበት ይነግርሃል። ጥገናው ወኪሉ ጋ በነፃ ነው።

ሌላው መከራ የተጋጨን መኪና ጠግኖ መሸጥ ነው። ኢንሹራንስ ጥሎት በጨረታ የተገዛ፣ ፓራፋንጎው ተለውጦ፣ ኮፈኑ ተቀብቶ የመጣ መኪና ከውጭ ሲያዩት ያምራል። የፈነዳው ኤር ባግ በምን እንደተተካ ግን ማን ያያል? ይኸው አስተዳደር በ2024 ከውጭ የገቡ ርካሽ የኤር ባግ ማፈንጃዎች በተጠገኑ መኪኖች ውስጥ ተገጥመው ሰው እንደገደሉ አስጠንቅቋል። ለዚህ ነው የባለቤትነት ሰነዱ ላይ «ሳልቬጅ» (ተጎድቶ በኢንሹራንስ የተጣለ) ወይም «ሪቢልት» (ከዚያ በኋላ የተጠገነ) የሚል ካለበት ለልጅ አይገዛ የምለው። ሻጩ «ኢንስፔክሽን አልፏል» ቢልህም አይበቃም፤ ያ ወረቀት መኪናው ቀድሞ ተጋጭቶ እንደነበር አይነግርህም። ሻጩ በማያውቀው ጋራዥ፣ በምታምነው መካኒክ አስነሥተህ ከሥር አሳየው። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ንግግሩ እዚያው ያብቃ።

ገንዘቡን በተመለከተ እውነቱን እንነጋገር። ልጅን ኢንሹራንስ ላይ ማስገባት ውድ ነው፣ በአዲሱ መኪና ላይ ደግሞ ይበልጥ ይወደዳል። የባምፐር ጭረትም በካምሪ ላይ ከአሮጌ ኮሮላ ይልቅ ብዙ ያስከፍላል፤ ውስጡ መሣሪያዎች አሉና። አልካድኩም። ግን ወዳጄ ሁለት መኪና መግዛቱ አልቀረም፤ ማን የትኛውን ይንዳ የሚለው ነው ጥያቄው። አንዳንዱ ወጪውን ለመሸሽ ልጁን ከኢንሹራንሱ ይደብቃል። ይህን የሚያደርግ ሰው አደጋ በደረሰ ቀን ኩባንያው አልከፍልም ቢለው ቤቱንና ቁጠባውን ነው ያስያዘው።

ያቺን ኮሮላ ወዳጄ አልገዛትም። እስካሁን ግን «ሌላ ደኅና አሮጌ» እየፈለገ ነው፣ ስለ ካምሪዋ ስናወራም ወሬውን ይቀይራል። ትናንት ማታ ደውሎ ልጅቷ ሐሙስ ለመንጃ ፈቃድ እንደምትፈተን ነገረኝ። እዚህ ተፈታኝ መኪናውን ይዞ ነው የሚቀርበው፣ ፈታኙም ከመሳፈሩ በፊት መኪናውን ያያል። «በየትኛው ነው የምትፈተነው?» አልኩት።

«በካምሪዋ ነዋ!»

«ዓርብስ?» አልኩት። ዝም አለ።