የራሷ አሮባት የጅማን ታማስላለች

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ በተካሄደ የከተማ ልማት ውይይት ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ባለሙያ መድረኩን ይዘው ነበር። ስለ ኮሪደር ልማት ሲያስረዱን ከቆዩ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «ጅማ የከተማ አስተዳደር ልምድ ስለሌላት ከዋና ከተማዋ ብትቀዳ ይቀላታል። ሂርማታ እኮ የሳምንት ገበያ ነበር እንጂ ከተማ አልነበረም።» ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት የውሃ ጠርሙሳቸውን ክዳን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት፤ አልጠጡም። እኔም ንግግሩ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ አልወርድ ብሎኝ ሰነበተ።

እውነት ነው፣ የዛሬዋ ጅማ የበቀለችበት ሂርማታ የሳምንት ገበያ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ይቆማል፤ ሺዎች ይሰበሰቡበታል። ግን እንግዳችን ቀና ብለው ጅሬንን ማየት እንዴት አቃታቸው? ከገበያው በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ቤተ መንግሥት ነበር። የጅማ መንግሥት በቀዳማዊ አባ ጅፋር የተመሠረተው በ1820ዎቹ ነው። አገሩ በኋላ ቆሮ በሚባሉ ስልሳ ገደማ ግዛቶች ተከፍሎ እያንዳንዱን ንጉሡ የሚሾመውና የሚሽረው አባ ቆሮ ያስተዳድረው ነበር። ከእርሱ በታች አባ ገንዳ አለ። በየድንበሩ በር ላይ ኬላ፣ ኬላውን የሚጠብቅ አባ ኬላ፤ ንግዱን የሚቆጣጠር ነጋድራስ፤ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ የሚሰፍርበት መንደራ። ይህ የአስተዳደር ልምድ ካልሆነ ምን ይባል? በዕለቱ አዳራሹ በር ላይ በፈረምንበት ቅጽ «ቀበሌ» በሚለው ዓምድ ሥር ግማሻችን ሂርማታ፣ መንደራ ወይም ጅሬን ብለን ሞልተናል። አልነበረም የተባለው ከተማ እንግዳውን በመዝገብ ተቀብሏቸዋል ማለት ነው።

እስቲ ወደ መምህሯ ወደ አዲስ አበባ እንሂድ። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870 ዓ.ም. ገደማ የአያት የቅድመ አያቶቹን ዙፋን ሲወርስ አዲስ አበባ የሚባል ስም በካርታም በአፍም አልነበረም። ምኒልክ ገና እንጦጦ ላይ እንኳ አልሰፈሩም፤ ከሥፍራ ሥፍራ ይዘዋወሩ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠሩና ስሙን አወጡ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ከተማዋ ረግታ አልተቀመጠችም። የማገዶ እንጨት ቢያልቅ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አዲስ ዓለም ሊሄዱ ቆርጠው፣ ቤተ መንግሥትም አስጀምረው ነበር፤ እርሱም በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዋና ከተማዋን እዚያው ያስቀራት የማዘጋጃ ቤት ጥበብ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ባይገኝ ኖሮ እንግዳችን ዛሬ ከአዲስ ዓለም መጥተው ነበር የሚያስተምሩን።

ይህን የምለው አዲስ አበባን ለማንቋሸሽ አይደለም። ልጆቼ እዚያ ተምረዋል፤ ቡናችንም የሚሄደው ወደዚያው ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ከተማ መምራትን ታስተምረን የተባለችው አዲስ አበባ ራሷን ማን እንደሚመራት እስከ ዛሬ ያልወሰነች ከተማ ናት። ከተማዋ የተቆረቆረችበት ምድር ፊንፊኔ ብለው የሚጠሩት የኦሮሞ ባለቤቶች ነበሩት፤ ጥያቄው የጀመረው ያን ቀን ነው፤ መልሱ ግን እየተንከባለለ እዚህ ደረሰ።

ሕገ መንግሥቱን ይክፈቱ፤ አንቀጽ 49። ከተማዋ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አላት ይላል። አንድ መስመር ወረድ ይበሉ፤ ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው። አሁንም ወረድ ይበሉ፤ የኦሮሚያ ክልል ልዩ ጥቅም ይጠበቅለታል፣ «ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል»። ሙሉ ሥልጣን፣ ተጠሪነት፣ ልዩ ጥቅም፤ ሦስቱም በአንድ ገጽ። ያ ዝርዝር የት አለ? ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ሠላሳ ዓመት አልፏል። በ2009 ዓ.ም. ረቂቅ አዋጅ ለፓርላማ ተመርቶ ነበር፤ እዚያው ቀረ። የክልሉ መቀመጫ በ1992 ዓ.ም. ወደ አዳማ ሄደ፣ በ1997 ዓ.ም. ተመለሰ፤ ዕቃ ከቤት ወደ ቤት እንደሚያጓጉዝ ተከራይ። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር የሚያጣምረው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ወጣ፤ ስንት ሰው ከሞተበት በኋላ በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በዙሪያዋ ያሉ ከተሞች ተሰብስበው ሸገር ከተማ ተባሉ። ዋና ከተማዋ የምትጠጣው ውኃ ከሚመጣባቸው አንዱ ለገዳዲ ነው፤ ለገዳዲ ደግሞ ከወሰኗ ውጭ ነው። ለውኃው ማን ምን እንደሚከፍል የሚወስን ሕግ ግን ዛሬም በእጃችን የለም።

ምርጫዋስ? በ1997 ዓ.ም. ነዋሪው ወጥቶ ከ138ቱ የምክር ቤት መቀመጫ 137ቱን ለተቃዋሚው ቅንጅት ሰጠ፤ ያ ምክር ቤት አንድ ቀን ሳይሠራ ከተማዋ በባለአደራ ተያዘች። በ2005 ዓ.ም. ለአምስት ዓመት የተመረጠው ደግሞ እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ተቀመጠ። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስት ዓመት ከተማዋን የመሯት ሁለት ሹሞች የምክር ቤቱ አባል ስላልነበሩ ማዕረጋቸው «ምክትል ከንቲባ» ነበር። የማን ምክትል? ከንቲባ አልነበረም። ዋና የሌለው ምክትል በየትኛው አገር ይታወቃል? በአባ ጅፋር አገር አባ ቆሮ የሌለው ቆሮ ቢኖር ሰዎች ይስቁ ነበር። ይህ ነው እንግዲህ «ቅዱ» የተባልነው ልምድ።

ጅማ ግን ይህን ጥያቄ ጨርሳው ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር የምኒልክ ጦር የሚያልፍበትን አይተው ሳይዋጉ ገበሩ፤ ግብሩ ይገባል፣ የውስጥ አስተዳደሩ ግን የጅማ ነው። የማን ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁት ነበር። ያ ስምምነት ንጉሡ እስኪያረጁ ድረስ ሃምሳ ዓመት ገደማ ጸና፤ የፈረሰውም በ1924 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በመጣ ትእዛዝ እንጂ ከጅሬን በተነሳ ብልሽት አይደለም። ሁለት ሰዎች በአንድ ዘመን የቋጩትን፣ ሁለት ምክር ቤት፣ የሕግ ክፍሎችና ቁጥር ስፍር የሌለው ስብሰባ በሠላሳ ዓመት አልቋጩትም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ሂርማታ ላይ ሰውም ይሸጥ ነበር፤ አባ ጅፋርም ከፋን ለመውጋት ጦር አዋጥተዋል» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው፣ ሁለቱም ሆነዋል፤ አልሸፍነውም። የጅሬን አገዛዝ ደግ ነበር አላልኩም። ተጠያቂው ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር ነው ያልኩት።

ከዚያ ወዲህም ቢሆን ከተማነት አልጎደለንም። ጣሊያን ደቡብ ምዕራቡን ሁሉ የገዛው ከዚህ ነው። ከነፃነት በኋላ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬ መንገድ ዳር የምናያቸው ባለሰገነት አሮጌ ቤቶች ከዚያ ዘመን የተረፉ ናቸው፤ «ከዋና ከተማዋ ቅዱ» ሲባል መጀመሪያ የሚያስፈራኝም የእነርሱ ዕጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባዋ ፒያሳ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ አይተናል። አዌቱ ወንዝ ዳር የእግረኛ መንገድና መብራት ይሠራ፤ ማን ይጠላል? ግን ቤቱ የሚነሳበት ሰው አቤት የሚልበትን በር ከማን እንቅዳ?

ዋና ከተማ የምትኖር አክስቴ ቤቷ ለልማት ሲነሳ አንድ ቢሮ ሄደች፤ «ውሳኔው ከላይ ነው» አሏት። ከላይ ያለው ቢሮ ወጣች፤ እዚያም «ከላይ ነው» አሏት። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ «ልጄ፣ ከላይ ማለት ማን ነው?» ብላ ብትጠይቅ ወጣቱ ሠራተኛ በብዕሩ ጣሪያውን አሳያት። ጣሪያው ላይ የሚፈዝ አምፖል ነበር። ይህን ስትነግረኝ ስቃ ነው የነገረችኝ፤ እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ውይይቱ ሲያልቅ አዘጋጆቹ ለእንግዳው የጅማ በርጩማ ሸለሟቸው፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር። እሳቸውም ተደስተው ገለበጡት፣ እግሮቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ፣ ምስማር ፈለጉ። አጡ። «ሙጫ ነው?» ብለው ጠየቁ። አዛውንቱ ጠርሙሳቸውን ይዘው ወደ በሩ እየሄዱ ነበር፤ ዞር አሉና «አንድ እንጨት ነው፣ ልጄ፤ መገጣጠሚያ የለውም» አሏቸው።